ያልተከደነ ምንጭ

እሁድ ነው። ከሌሊት ጀምሮ መብራት የለም። ነሐሴ መቼም እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ ጭጋጉ የካ አባዶ ብሎኮች አናት ላይ ተቀምጦ አልነሳም ይላል። ላፕቶፔ 41 በመቶ ላይ ናት። ስልኬ ከዚያም ያነሰች። እንዲህ ያለ ቀን ዝም ብሎ ሆድ ይብሰኛል። ምን ሆንሽ ብባል የምመልሰው የለኝም።

የተቀመጥኩት የእድራችንን ማስታወቂያ ልጽፍ ነበር። አጭር ናት፤ ብትበዛ አራት መስመር። «ከመስከረም 1 ጀምሮ የእድሩ ሂሳብ በኮምፒውተር ስለሚያዝ» ብዬ ጀመርኩ። እዚያው ቆምኩ። ጋሼ የተናገሩት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። ገንዘብ ያዡ። ጥቁሩን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው፣ እስክሪብቶውን ኮት ኪሳቸው ላይ ሰክተው የሚመጡት። ዛሬ ስብሰባው ለሁለት ሰዓት ተጠርቶ እኔ ሁለት ተኩል ላይ ስደርስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ስሜ አጠገብ አንድ ምልክት አደረጉ። ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩ ሥራ የተጣለው እኔ ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ስሜ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነው። ቴሌቪዥን ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ። አንዷ እናት «ፕሮግራሙ ስንት ብር ነው? ከካዝናው እንዳይወጣ» ብለው ጠየቁ። በነፃ ነው አልኩ። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አየሁ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ቢሆን ነው? ላስረዳ ብዬ ገባሁበት። እንግሊዝኛው፣ «ኦፕን ሶርስ» የሚለው፣ እንዳይከብዳቸው ብዬም «ክፍት ምንጭ ይባላል» አልኩ።

ጋሼ ያኔ ቀና አሉ።

«ክፍት ማለት? ያልተከደነ?»

«አዎ። ማለቴ፣ ውስጡን ማንም ሰው ማየት ይችላል።»

«ያልተከደነ ምንጭማ ከብት ይገባበታል፣ ልጄ። ማነው የሚጠብቀው?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ባደጉበት አገር ምንጩ በእሾህ ይታጠራል፣ እያንዳንዱ ቤት ቀን ተቆርጦለት በተራ ይጠብቃል አሉ። ተራውን የዘለለ ይቀጣል። ከዚያ ወሬው ወደ ጳጉሜ ዞረ። በጳጉሜ መዋጮ የለም፤ የጋሼ ደብተር ላይ ያለው 12 ዓምድ ብቻ ነው። «በጳጉሜ የሞተ ሰውስ? ኮምፒውተሩ ጳጉሜን ያውቃል?» አሉኝ። ያውቃል አልኩ፣ ምን ልበል። (ቤት መጥቼ ሞከርኩት። ሊብሬኦፊስ በሚባለው በነፃ የሚገኝ የቢሮ ፕሮግራም ላይ «ጳጉሜ 3» ብዬ ስጽፍ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ግን ቀን መሆኑ አልገባውም። እንደ ሰው ስም ነው የያዘው።)

«ክፍት ምንጭ» የሚለው ትርጉም ድሮም ደስ አይለኝም ነበር። የኮምፒውተር ሰው ሲሰማው ኮድ ነው የሚታየው። የቀረው ሕዝብ ውሃ ነው የሚታየው፣ ያውም የገጠር ውሃ። እኔ ደግሞ ለስንት ዓመት ትርጉሙ የተበላሸ ነው እያልኩ ኖሬ፣ ዛሬ ጋሼ በአንድ ጥያቄ አስተካከሉት።

«ነፃ» የምትለዋ ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1983 ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራውን የግኑን ፕሮጀክት ካወጀ ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው አንድ ነገር ነው፤ ነፃ ስል ዋጋውን አይደለም ነፃነቱን ነው ይላል። የማየት፣ የመለወጥ፣ ለሌላ ሰው የመስጠት ነፃነት። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ቃል ስለሆኑ ሰውዬው ዕድሜውን በማብራራት ፈጀው። እኛ ጋ አንዲት «በ» ትበቃለች። ነፃ እና በነፃ። አማርኛ ቢችል ኖሮ ስንት ንግግር ይቀርለት ነበር።

ለነገሩ እዚህ አገር በዋጋ ማንን ታሳምናለህ? ኮምፒውተር ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርግልኝ» ያለ ሰው ዊንዶውሱም ኦፊሱም ክራክ ተደርጎ ይጫንለታል። የሚከፍለው ለልጁ ጉልበት ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን ስለሚተካው ክፍት ምንጭ ሲስተም «ሊኑክስ እኮ አይከፈልበትም» ብዬ ስሰብክ የኖርኩት በሙሉ ውሃ በወንፊት ነበር። ሰዎቹ ዊንዶውስ እንደሚሸጥም አያውቁም።

እኔ ራሴ የገባሁበት በዋጋው አይደለም። በፖስታ ነው። ካምፓስ ሳለሁ አንዱ ጓደኛችን በዩኒቨርሲቲው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በሲዲ አስልኮ መጣ። ያኔ አዘጋጆቹ ለጠየቀ ሁሉ ይልኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያቆሙት። ሲዲው፣ የካርቶን ኤንቨሎፑ፣ ፖስታው፣ ሁሉም በእነሱ ወጪ። ስሙም የደቡብ አፍሪካ ቃል መሆኑ ደስ አለን። ለአምስት ተቀባበልነው። ውጭ አገር ያለ ሰው፣ ዘመዳችን ሳይሆን፣ ምንም ሳይፈልግ ዕቃ ላከልን። ለካ ያቺ ኤንቨሎፕ ናት እስከ ዛሬ የምታስኬደኝ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሊኑክሷ ጠንቋይ አስመስላኛለች። ያን የፍላሽ ቫይረስ ታውቁታላችሁ፤ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን። ሰው «ፋይሌ ጠፋ፣ የሦስት ወር ሪፖርት ነው» እያለ እያለቀሰ ይመጣል። ፍላሹን እኔ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ ቁጭ ብለው ይታያሉ። ምንም አላደረግኩም። ዊንዶውስ ላይ የሚደብቃቸውን ምልክት ሊኑክስ ከቁብም አይቆጥረው። ግን እንዳይገባቸው ትንሽ ኪቦርዱን መታ መታ አደርጋለሁ። ቡና ይጋብዙኛል።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ማነው የሚጠብቀው?

መልሱ ትዝ ያለኝ ደረጃውን ስወጣ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ስብሰባው ካለቀ በኋላ። በመጋቢት 2016፣ በፈረንጆቹ 2024 መሆኑ ነው፣ የሆነ ነገር አለ። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል የምታጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም አለች። ስሟን የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለች። ለዓመታት የሚጠብቃት አንድ ሰው ነበር። ደሞዝ የለው፣ ሥራው ሌላ፣ እሷን የሚሠራት በትርፍ ሰዓቱ። ሰውዬው ደከመው፣ ታመመ፤ ይህንንም በግልጽ ጻፈ። ከዚያ አንድ «ጂያ ታን» ነኝ የሚል ላግዝህ ብሎ መጣ። በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ ብለው «ምነው ዘገየህ፣ ካልቻልክ ለሌላ ስጠው እንጂ» እያሉ ይነዘንዙታል። አጋዡ ከሁለት ዓመት በላይ ሠራ፣ ታመነ፣ ቁልፉ ተሰጠው። ቁልፉን ከያዘ በኋላ የስንቱን ሰርቨር በር በስውር የሚከፍት ነገር ውስጧ ቀበረባት።

ከብት አልገባም፣ ጋሼ። ጠባቂ ነው የገባው።

ማን ደረሰበት? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ። ደህንነት ሥራው አይደለም፤ የዳታቤዝ ሰው ነው። የራሱን ነገር ሲለካ ኮምፒውተሩ ከሩቅ ሲገባበት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይ አየ። ግማሽ ሰከንድ! ምንድን ነው ብሎ ተከተለው፣ ተከተለው፣ ጉዱ ወጣ። ነገሩ ዓለምን ሳያዳርስ ተያዘ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ራሴን አየሁት። እኔ ብሆንስ? ግማሽ ሰከንድ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ «ኔትወርኩ ነው» ብዬ ተነስቼ ሻይ አፈላ ነበር። ከመገናኛ ወዲህ የምንኖር ሰዎች ምንጭ ጠባቂ አንሆንም። መዘግየት አይገርመንም።

እርግጥ ለጋሼ የምላቸው አለኝ። ምንጩ ተከድኖ ቢሆን ኖሮ ያ መሐንዲስ የውሃው ጣዕም ተለወጠብኝ ብሎ ቢጠረጥርም ከፍቶ ማየት አይችልም ነበር። ክፍት ስለሆነ አየ። ግን እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ «እሱ ባይጠማውስ ኖሮ?» ነው የሚሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ሁላችንም ኦፕን ሶርስን ከደቦ ጋር ማመሳሰል እንወዳለን። እኔም ስንት ቦታ «ደቦ እኮ ነው፣ አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ብያለሁ፣ አንዴም በማይክሮፎን። ደቦ ላይ ግን የጠራው ሰው ጠላውን ጠምቆ ነው የሚጠብቀው። የበላው ደግሞ ነገ ማጭዱን ይዞ በተራው ይወጣል። እኔ 15 ዓመት ሙሉ ጠላውን ጠጣሁ እንጂ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም። እድር ቢሆንማ ኖሮ ገና ድሮ ስሜ ተሰርዟል።

አልሞከርኩም ማለት አይደለም። አንዴ ብር ልለግስ ብዬ ገባሁ፤ የብር ካርዴን ፊት አላሳዩትም። ኮድ እንዳልልክ ደግሞ ፈራሁ። ያልገባኝን ኮድ ሳይ ዝም እላለሁ፣ የገባኝን ሳይ ደግሞ ይህቺን ማንም ያስተካክላታል እላለሁ። ትርጉም ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ፤ ሊብሬኦፊስ በአማርኛም አለ። አገር ወዳድነቴ ተነስቶ ሜኑውን በሙሉ ወደ አማርኛ ቀየርኩት። ከዚያ ገጹን የማሰፋበትን አጣሁት። ራሴ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም፣ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ሁሉ ቃል በቃል ተርጉሞታል። ስንት ሌሊት ፈጅቶበት ይሆን? እኔ አሥር ደቂቃ ላነብለት አልቻልኩም።

ማስታወቂያው ላይ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አያይዢበት ተብዬ ነበር። ፍላሹን ሰካሁት። ደንቡ የተጻፈው ሰው ወደ ብሎኩ በገባ ሰሞን፣ መንገድ ዳር ባለች ጽሕፈት ቤት፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች «ሀ»ን የሚያሳዩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የ«ሀ»ን ምስል ለጥፈው ነው። ፎንቱ ከሌለ ልጣፉ ይወልቅና ከሥሩ ላቲኑ ይቀራል። የዓለምን ፊደላት በአንድ መዝገብ የሚይዘው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶት ነበር፤ ያቺ ጽሕፈት ቤት ግን አልሰማችም። እና ደንባችን እኔ ስክሪን ላይ የቃለ አጋኖ፣ የቅንፍና የላቲን ክምር ሆኖ ወጣ። ስድስት ገጽ። የራሳችንን ሕግ፣ ራሳችን ያጸደቅነውን፣ ማንበብ አቃተን። ስለ ዋጋ ከምሰብክ ይህችን ገጽ ይዤ ብዞር ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ይህቺማ ጋሼንም ታስደነግጣለች።

ከክምሩ ውስጥ የሚነበቡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

አሁን መብራት መጣ። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ «መጣ! መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ። ላፕቶፔ 6 በመቶ ላይ ደርሳ ነበር። ይህን ሁሉ ስጽፍ ጭጋጉ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። ስልኬ ነፍስ ዘርታ ጠራች፤ ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ማስታወቂያዋ አለቀች?»

«ልጨርሳት ነው፣ ጋሼ።» አንድ መስመር ናት። እሷም ግማሽ።

«በርቺ። የጠዋቷን ቅጣት ደግሞ እንዳትረሺ።»

«ጋሼ፣ ለግማሽ ሰዓት መዘግየት እንዲህ ይባላል እንዴ? ቆይ ደንቡን ልየው።»

«እይው እንጂ፣ አንቺ ጋ አይደል ያለው» አሉኝ።

አየሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በቃለ አጋኖዎቹ መሃል፣ 50 ይላል።