በየሁለት ዓመቱ ወይስ በዓመት ሁለት ጊዜ

በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ስሠራ፣ ለቀበሌ ባልደረቦቻችን የሚላክ ጥቂት ገጾች ያሉት የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። መመሪያው በረግረጋማ መስክ የሚሰማሩ በጎች የጉበት ትል መድኃኒት «ባይአኑዋሊ» እንዲሰጣቸው ያዝዛል። እኔም «በየሁለት ዓመቱ» ብዬ ጻፍሁ፤ ማንም ሳያርመው ተባዝቶ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ጉጉፍቱ ለሥራ ወጥቼ ሳለ፣ አንድ አዛውንት ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠች በግ እየጎተቱ መጡ። የዐይኗን ሽፋን ገልጬ ባየው ደም የሌለው ይመስል ነጥቷል።

«አባባ፣ የትል መድኃኒት የወሰደችው መቼ ነው?»

«አምና ነዋ! ዘንድሮ ተራዋ አይደለም ተባልን እኮ፣ ዶክተር።»

ያ «ተራዋ አይደለም» የሚለው ቃል የወጣው ከእኔ ወረቀት ነበር። መድኃኒቱን ሰጥቻት በጊቱ ብትተርፍም፣ በሌሎቹ ቀበሌዎች ተራቸውን የሚጠብቁት መንጎች ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሡኝ። የጉበት ትል ሁለት ዓመት አይታገሥም፤ ክረምቱ ሲያልፍ የሚሰጠው መድኃኒት በጎቹ ከርጥብ ሣር ጋር የዋጡትን ትል ሲገድል፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚሰጠው ደግሞ እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር መስክ ላይ ወድቆ፣ በዝናቡ ውኃ ተፈልፍሎ ትሉን ወደምታሳድገው ቀንድ አውጣ እንዳይደርስ ያግዳል።

ስመለስ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። «ባይአኑዋል» በዓመት ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚለውን ትርጉም የያዘው «ባይኤንያል» ነው። ሁለቱም «ቢ» እና «አይ» በሚባሉት ፊደላት ይጀምራሉ፤ ሁለቱም የተገነቡት «ሁለት» እና «ዓመት» ከሚሉ የላቲን ቃላት ነው። ያደግሁት ሽንኩርት በብዛት በሚመረትበት በቆቦ ነውና፣ «ባይኤንያል» የሚለውን ቃል ቀድሜ የማውቀው ከአትክልት ትምህርት ነበር፤ ሽንኩርት በመጀመሪያው ዓመት ኮረቱን፣ በሁለተኛው አበባና ዘሩን ስለሚሰጥ እንዲህ ይባላል። የማውቀውን ቃል ባላወቅሁት ላይ ጫንሁበት። እንዲያውም «ባይመንዝሊ» የሚለው ዘመዳቸው በራሱ መዝገበ ቃላት በወር ሁለት ጊዜም በየሁለት ወሩም ተብሎ ተተርጉሟል፤ እንዲህ ያለውን ቃል ጸሐፊውን ሳይጠይቁ መተርጎም አይገባም ብዬ አምናለሁ። በአማርኛችንም ልዩነቱን የሚሸከሙት እነዚያው «ሁለት» እና «ዓመት» ናቸው፤ ቦታቸው ሲለዋወጥ መድኃኒቱ በአራት እጥፍ ይቀንሳል።

በማግስቱ ለኃላፊዬ ነገርሁት። ከመቆጣት ይልቅ «አብሽር፣ ዛሬውኑ እናርመው» አለኝና ለየቀበሌው ስልክ መደወል ጀመርን። የታረመውን ወረቀት ይዤ ወደ አዛውንቱ ተመለስሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ከእንግዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ሁለት ጊዜው መቼና መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ወረቀቱን እዚያው ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ «በዓመት ሁለት ጊዜ» የሚለውን ሰርዤ «በኅዳር እና በግንቦት» ብዬ ጻፍሁበት።