አዲስ አበባን በጆሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰውም አውሬም ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ድምፁን መለየት የቻለ ከተማዋን ይወዳታል፤ ያልቻለ ሜክሲኮ ልሄድ ብሎ ወጥቶ ያላሰበው ቦታ ይወርዳል።

ከታክሲ ረዳቱ እንጀምር። በበሩ ወገቡ ድረስ ወጥቶ «ሜክሲኮሜክሲኮሜክሲኮ!» የሚለው በአንድ ትንፋሽ ነው። ጥሪው መድረሻውን እንጂ መንገዱን አይነግርም፤ መገናኛ ላይ ከሆናችሁ ሳትገቡ «በካዛንቺስ ነው በቦሌ?» በሉ። «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ደግሞ አንገታችሁን አስገብታችሁ ቁጠሩ፤ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቅርብ ወራጅ ከሆናችሁ የኋላውን ወንበር ተዉት፤ እናንተ እንድትወጡ የሚታጠፈው ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ይነሣል። ዝርዝር ያዙ። መልስ ካላችሁ ለመውረድ ስትነሡ ሳይሆን ገና ሒሳብ እየሰበሰበ ሳለ አስታውሱት፤ ያን ጊዜ እጁ ላይ ዝርዝር አለ።

«ወራጅ አለ!» ማለት ራሱ ሙያ ነው። ፌርማታው አጠገብ ደርሳችሁ ከተናገራችሁ አልፏል፤ ሹፌሩ መሃል መስመር ላይ ከሆነ ወደ ቀኝ ለመውጣት ቦታ ይፈልጋል፤ ከፌርማታ ውጪ ካቆመ ትራፊክ ይቀጣዋል። 50 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ጮክ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። በለሆሳስ የተባለ ወራጅ ከሙዚቃው ሥር ይቀራል፣ እናንተም ቀጣዩ ፌርማታ ድረስ ትሄዳላችሁ።

ሊስትሮው ብዙ አያወራም። ሣጥኑን በብሩሽ ኳ ሲያደርግ እግር ቀይሩ ማለት ነው። ነጭ ካልሲ ካደረጋችሁ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በጫማውና በካልሲው መሃል ካርቶን እንዲሰካ ንገሩት፤ ያ ቀለም በእጥበት አይለቅም።

«ቆራሌው!» ሲል ማዳበሪያውን ተሸክሞ የሚያልፈው ሰው የተሰበረ ጀሪካን፣ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ ይገዛል። አንድ ቀን የጣላችሁት ዕቃ ተጠግኖ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ ለከተማዋ ከዚህ የሚበልጥ ባለውለታ የለም። ልብስ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ኪስ ፈትሹ።

ከበላያችን ደግሞ ጭላት አለ። ሹካ የመሰለች ጭራዋን እያዞረች ሥጋ ቤት ላይ ታንዣብባለች። የምትመጣው ከኋላ ነው፤ በእግሯ ነጥቃ እየበረረች ትበላለች። ሥጋ የያዘ ፌስታል አታንጠልጥሉ፤ ደርባችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙት። ንጋት ላይ «ሃ ሃ ሃ» ብሎ የሚያስደነግጠው ጋጋኖ ግን ምንም አያደርጋችሁም፤ በቆልማማ ምንቃሩ ሣር ውስጥ ትል ይፈልጋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም አይገኝም፣ ስለዚህ እንቅልፍ ቢነሣም ይከበርልን።

ሌሊቱ የጅብ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የምንፈራው «ሳቅ» ብዙ ጊዜ በምግብ ሲጣላ ወይም ሲባረር የሚያሰማው ጩኸት ነው። የሚስበው የእኛ አጥንትና ትርፍራፊ ስለሆነ ቆሻሻ አዳር ደጅ አታስቀምጡ። ካጋጠማችሁ አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ማባረር ልማዱ ነው። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ፣ እየተናገራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ራቁ።