መስማት ለተሳናቸው ልጆች፦ ሁለት ወረቀት፣ 16 ቆርኪና አንድ ካርቶን

እባብና መሰላል ለቋንቋ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ ግን አንድም ቃል ሳይወጣ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ዳይሱ ይወረወራል፣ ጠጠሩ ይሄዳል፣ አንዱ ያሸንፋል። ገበጣም ለቁጥር ግሩም ነው፤ ለዓረፍተ ነገር ግን እምብዛም። መስማት ለተሳነው ልጅ የሚያዋጣው አንዱ ለሌላው ካልነገረው በቀር የማይንቀሳቀስ ጨዋታ ነው።

ርካሹ ይኸው፦ በሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል ይሳላል፤ ጎጆ፣ ዛፍ፣ ወንዝ፣ አጥር። ለእያንዳንዱ ልጅ 8 ቆርኪ ይሰጥና በየቆርኪው ውስጥ ትንሽ ሥዕል ይለጠፋል፤ የሁለቱም ስብስብ አንድ ዓይነት ይሁን። መሀላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ካርቶን ይቆማል። አንዱ ቆርኪውን ያስቀምጥና የት እንዳስቀመጠ ይናገራል፤ ሌላው እንደተነገረው ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ካርቶኑ ተነሥቶ ይተያያል። ስሕተቱን መምህሩ ሳይሆን ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል፤ «ዛፉ ሥር አላልኩህም?» የሚለው ክርክር ከጨዋታው ይበልጣልና አታቋርጡት።

በ8 አትጀምሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ይበቃል። ካርቶኑ ከፍ ካለ የምልክት ቋንቋ የሚጠቀመውን ልጅ እጅ ይጋርዳል፤ ደረቱና ፊቱ ከላይ መታየት አለባቸው። ፊት ለፊት ሲቀመጡ የአንዱ ግራ ለሌላው ቀኝ ስለሚሆን ጨዋታው ገና በጅምሩ ይበላሻል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች «ላይ»፣ «ሥር»፣ «ውስጥ» እና «አጠገብ» የሚሉት ቃላት ብቻ ይሁኑ፤ «ግራ» እና «ቀኝ» ኋላ ይመጣሉ።

የሥዕሎቹ ምርጫ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። በር፣ ብር፣ በሬ የግድ ይግቡ። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከሰባቱ ቤቶች አንዱን ያሳያል። በሦስቱ ቃላት የእጅ ቅርጹ ያው በና ረ ነው፤ ልዩነቱ እንቅስቃሴው ላይ ነው። ቃሉ በጣት ፊደል ሲጻፍ ልጁ እንቅስቃሴውን ከዘነጋ ጓደኛው በበሬ ፈንታ በር ዛፍ ሥር ያቆማል። ይህን ያየ ልጅ ኃምስና ሳድስን (ሬና ርን) ለመለየት ሌላ ምክንያት አያሻውም።

በመስሚያ መርጃ ለሚሰማ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፤ የቆርኪው ኳኳታ በመሣሪያው ጎልቶ ንግግሩን ይውጠዋል። ከንፈር ማንበብም ብቻውን አያስተማምንም፦ «ሰማ» እና «ሰባ»፣ «መጣ» እና «መታ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። መስኮት ከተናጋሪው ጀርባ አይሁን፤ ፊቱ ይጨልማል።

አዋቂዎች በብዛት የምንስተው ግን የዓይንን ነገር ነው። የጨዋታውን ሰሌዳ፣ ማለትም ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት፣ እየጠቆሙ ማስረዳት ለሚሰማ ልጅ ይሠራል፤ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ወይ ሰሌዳውን ወይ እጃችሁን ነው የሚያየው። ሰሌዳውን አይቶ እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ቀና ሲል ንገሩት። ጨዋታው ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ከዚያ ጽሑፍ ይገባል። «ላሟን ዛፉ ሥር አስቀምጣት» የሚል ወረቀት ይቆራረጥና «ን» እና «ት» ለብቻቸው ይቀመጡ። እንዲህ ያሉት ድምፆች ደካማ ስለሆኑ በጆሮ ያመልጣሉ፣ ከንፈር ላይም እምብዛም አይታዩም፤ በእጅ ተይዘው ሲገጠሙ ግን ይታወሳሉ። ቀጥሎ በሬውን ሲያስገቡ «አስቀምጠው» ይሆናል፤ ጾታው እዚያው ይለያል።

8ቱ ሲቀልላቸው የቆርኪውን ቁጥር አትጨምሩ፤ አንዱን ሥዕል አውጡና ሌላ ላም አስገቡ። አንዷ የቆመች፣ አንዷ የተኛች። «ላሟን» ማለት አይበቃም፤ «የተኛችውን ላም» ካላሉ ጓደኛቸው የቷን እንደሚያነሣ አያውቅም።