ከድንች ስታርች የቆሎ ከረጢት ስሠራ የተማርኩት

ፌስታልን የሚተካ የቆሎ ከረጢት ለመሥራት ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት ቡላን ነበር፤ ከእንሰት ተጨምቆ የሚዘቅጠው ይህ ነጭ ዱቄት አብዛኛው ስታርች ነውና። ይሁን እንጂ ገንፎ የሚሆነውን፣ ያውም ዋጋው የማይቀመሰውን ቡላ ለመጠቅለያ ማዋል ኅሊናዬ ስላልፈቀደልኝ፣ ተቀጥቅጦ ገዢ ያጣ ድንች ከገበያ በርካሽ ወሰድኩ። ድንቹን ፈግፍጌ፣ በውሃ አሽቼ፣ በነጠላ ጨርቅ ካጠለልኩት በኋላ ከሥር የዘቀጠውን ደጋግሜ አጥቤ አደረቅሁት፤ ከ3 ኪሎ ድንች የተረፈኝ ስታርች 250 ግራም ገደማ ብቻ ነበር።

ከዚያ 50 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ በጥብጬ በዝግታ እያማሰልኩ አሞቅሁት። በፍጥነት ያማሰሉት እንደሆነ አረፋ ይይዛል፤ አረፋውም ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። የድንች ስታርች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲሞቅ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ ወተት የመሰለው ብጥብጥ ነጭነቱን ትቶ እንደ ተልባ መዝለግለግ ሲጀምር መብሰሉ ይታወቃል። በትሪ ላይ በስሱ አፍስሼ ያደረቅሁት የመጀመሪያው ሉህ ግን ገና ስነካው እንደ ድርቆሽ ተንኮታኮተ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ግሊሰሪን 15 ግራም ስጨምርበት በስታርቹ ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች መካከል እየገባ ስላላላቸው፣ ሉሁ ሳይሰበር መታጠፍ ቻለ።

እኔ ስሠጋ የነበረው ለማብሰሉ ሲሆን፣ ብዙ ያደከመኝ ግን አየሩ ነው። ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚስብ፣ በየካቲት ደህና ሲታጠፍ የነበረው ሉህ በሐምሌ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር፤ ወደ 10 ግራም ብቀንሰው ደግሞ በበጋው ደረቅ አየር ከማጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ለክረምትና ለበጋ የተለያየ ልክ ለመያዝ ተገደድኩ። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁትም ጠርዙ ተጠቅልሎ ሲሰነጠቅ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን የቆየው ከትሪው በሙሉ ተላቀቀ።

ጠርዙን በዚያው በስታርቹ ሙጫ አጣብቄ የሠራሁት ከረጢት ቆሎን ለሁለት ሳምንት በደህና ያዘልኝ። ትኩስ ሳምቡሳ በጨመርኩበት ጊዜ ግን እንፋሎቱ አላልቶት ጣቴ በሳው፤ ለእርጥብ ምግብ ማሰቡን ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ዕቃ ቤት ያስቀመጥኳቸውን ደግሞ አይጥ ከነቆሎው በላቻቸው፤ ለእሷ ከረጢቱም ምግብ ነው። አሁን የሠራኋቸውን የማቆያቸው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው።