ወጣቶችን መምራት፦ መቼ ማዘዝ፣ መቼ መመካከር?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ የ10 ዓመት ልጆችን በትንንሽ ክበባት አደራጅተው ሦስት ዓይነት አመራር ሞክረዋል፦ አዛዥ፣ ከልጆቹ ጋር የሚመካከርና ልቅ (እንደፈለጉ የሚተዋቸው)። አዛዡ ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ይቀዘቅዝ ነበር፤ በምክክር የሚሠሩት ግን መሪው ባይኖርም ይቀጥሉ ነበር።

ይህ ማለት ግን ሁሌም መመካከር ነው ማለት አይደለም። የሰፈር ወጣቶችን የክረምት ችግኝ ተከላ እንውሰድ። ቦታውንና የችግኙን ዓይነት በምክክር ምረጡ። በዕድሜ ትንሹ ይጀምር፣ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ እሱ ከቀደመ ታላቅን መቃወም ስለሚከብድ ሌላው «እሺ» ብሎ ዝም ይላል።

በተከላው ዕለት አንድ ሰው ይዘዝ። ማን ይቆፍራል፣ ማን ፕላስቲኩን ቀድዶ ያወጣል፣ ማን አፈር ይመልሳል? እዚያው ክርክር ከተነሳ የችግኙ ሥር ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ከባዱ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ነው። «ሁላችንም እናጠጣለን» ከተባለ ማንም አያጠጣም። ለሁለት ሁለት ሰው 10 ችግኝ ስጡ፤ የማጠጫውን ቀንና ጀሪካኑ የሚቀመጥበትን ቤት ጻፉ። ጥንድ የሚሆኑት አንዱ ፈተና ሲኖርበት ሌላው እንዲተካው ነው። መሪው በየ15 ቀኑ ዞሮ ይይ። የደረቀ ካገኘ ሰው ፊት አይውቀስ፤ ልጆቹን ለብቻ ጠርቶ ይጠይቅ፤ ውኃው ርቆባቸው ከሆነ ችግኞቹን ቅርብ ላሉት ያዛውር።