ኮድ የለም ተባልኩ፣ መኪናዬ ግን ይንቀጠቀጣል

መኪናዬ ሦስት ዓመት አልሞላውም። የሄደውም ገና 41,000 ኪሎሜትር ነው። ግን ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። በመስታወቱ ከኋላዬ ያለው መኪና ብዥ ብሎ ይታየኛል፣ ወንበሩ ጀርባዬን ይነዝረኛል፣ የአርፒኤም ቆጣሪው 700 ላይ ረግቶ መቆም ሲገባው ወደ 550 ይወርድና ተመልሶ 850 ይደርሳል። ቤንዚን ረገጥ ሳደርግ ወዲያው ጸጥ ይላል። መንገድ ላይ ምንም የለውም፣ ጉልበቱም ሙሉ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከዚህ ነገር ጋር ኖርኩ። አሁን ስለተገላገልኩ ያየሁትን ሁሉ ልጽፈው ነው፣ ምክንያቱም እኔ ስጨነቅ ከሰው ያገኘሁት ምክር በሙሉ "ካንዴላ ቀይር" ከሚለው አያልፍም ነበር።

መጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኩት። ማሽን ሰኩና "ኮድ የለም" አሉኝ፣ የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበው የጥፋት ቁጥር የለም ማለታቸው ነው። ዳሽቦርድ ላይ የበራ መብራት ስለሌለ ጤነኛ ነው አሉኝ። "የአዲስ ሞተር ጸባይ ነው፣ ይለምዱታል" ተባልኩ። ይሄ በጣም አናደደኝ። መኪናውን ከተረከብኩበት ቀን ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ጠፋ እንዴ እስክል ድረስ ጸጥ ይል ነበር። ጸባይ ከሆነ ያኔ የት ነበር?

ኮድ የለም ማለት ችግር የለም ማለት እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። የመኪናው ኮምፒዩተር አንድ ሲሊንደር ሚስ ማድረጉን የሚያውቀው የክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ፍጥነት እየለካ ነው። ሲሊንደሩ ሳይተኩስ ሲቀር ሻፍቱ ለቅጽበት ዘገየት ይላል። ኮምፒዩተሩ ይህን በየ200 ዙሩና በየ1,000 ዙሩ ይደምራል፣ ድምሩ ከተቀመጠለት ገደብ ካላለፈ መብራቱን አያበራም። እናንተ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ንዝረት ትቆጥራላችሁ፣ እሱ ገና ገደቡ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። ጥሩ ስካነር ካለ ደግሞ ሞድ 6 የሚባለው ክፍል ውስጥ ኮድ ሳይወጣ በፊት የተቆጠሩትን ሚሶች በየሲሊንደሩ ማየት ይቻላል። ያንን ከፍቶ ያየልኝ ሰው አልነበረም። (መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር እያጋለው ነው ማለት ነው፣ ጥግ ይዞ ማቆም ነው።)

ከዚያ ዕቃ የመቀየሩ ወራት መጣ። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። ኢሪዲየም ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ወደ 100,000 ኪሎሜትር ይሄዳሉ የሚባሉት፣ ሲወጡም ንጹህ ነበሩ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ ኮይል፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ፣ ተጠረጠረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር አለዋውጡት። ሚሱ ከኮይሉ ጋር ወደ ሦስተኛው ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ እዚያው ከቀረ ኮይሉ ነጻ ነው። ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ መኪና ላይ አስር ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጤነኛ ኮይል አስቀየርኩ። ቀጥሎ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ፣ ቀጥሎ የትሮትል ቦዲ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር፣ እጥበት። ከእጥበቱ በኋላ ሁለት ቀን ጭራሽ ባሰበት። ለካ የብዙ መኪና ኮምፒዩተር ትሮትሉ ቆሽሾ የለመደውን ልክ ይዞ ስለሚቆይ ከታጠበ በኋላ ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) እንደገና እንዲማር መደረግ አለበት። ባትሪ ሲነቀልም እንዲሁ ይሆናል።

በአምስተኛው ወር ዕቃ መግዛቱን ተውኩና ደብተር ያዝኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቋል፣ ማርሹ ዲ ላይ ነው ወይስ ኤን ላይ፣ ኤሲው በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ ታንኩ ምን ያህል ነዳጅ አለው፣ ቆጣሪው ይዘላል ወይስ ረግቷል። በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ገጹን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። በጣም የባሰባቸው ቀኖች በሙሉ ነዳጅ የሞላሁባቸው ናቸው። ታንክ አስሞልቼ ሞተሩን ሳስነሳ ረጅም ጊዜ ይሽከረከራል፣ ከተነሳም በኋላ ሊጠፋ ሲል ይመለሳል፣ አስር ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ ወደ ተለመደው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ያን ሁሉ ወር ፊቴ ነበር፣ ግን ነዳጁ ቆሻሻ ነው ብዬ ማደያ እየቀያየርኩ ነበር።

ደብተሩን ይዤ ሌላ መካኒክ ጋር ሄድኩ። ዝም ብሎ አነበበው። ከዚያ ስካነሩን ሰክቶ ኮድ ሳይሆን ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ከፈተ። ይህ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከተሰላው መጠን ላይ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ይነግራል። ጤነኛ ሞተር ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 10 ድረስ ብዙ አያስጨንቅም። የኔ ሚኒሞ ላይ 14 ሲጨምር ነበር። ቤንዚን ረግጦ 2,500 ዙር ላይ ሲይዘው ወደ 3 ወረደ። "ወንድሜ፣ የሆነ ቦታ ያልተቆጠረ አየር እየገባ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒሞ ላይ ትሮትሉ ዝግ ሊሆን ምንም አይቀረውም፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚሾልክ አየር ከዚያ ጥቂት ላይ ሲጨመር ድርሻው ትልቅ ይሆንና የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ያዛባዋል። ቤንዚን ሲረገጥ ግን ዋናው አየር ይበዛል፣ ሾልኮ የሚገባው ድርሻ ኢምንት ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ከወረደ ጥርጣሬው የአየር ማስገቢያው ላይ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ፣ የነዳጅ ፖምፓውን ወይም አየር የሚለካውን ሴንሰር ማየት ይሻላል። የኔ ለምን ኮድ አላወጣም ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ መኪና ላይ ፒ0171 የሚባለው ኮድ የሚወጣው እርማቱ ወደ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ 14 ላይ ኮምፒዩተሩ ገና ተሸክሞታል።

የጭስ ምርመራ አደረገለት። አየር ማስገቢያው ውስጥ በትንሽ ግፊት ጭስ ይነፋና ከየት እንደሚወጣ ይታያል። ግማሽ ሰዓት በባትሪ እያበራን አየን። የትም አልወጣም። ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ግን ደብተሬን አንስቶ ነዳጅ የሞላሁባቸውን ቀኖች በጣቱ ነካ ነካ አደረገና በቀጥታ ወደ ፐርጅ ቫልቩ ሄደ።

ታንክ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተናል። ትነቱ ወደ አየር እንዳይለቀቅ ከሰል በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮምፒዩተሩ ፐርጅ ቫልቩን እየከፈተ እየዘጋ ትነቱን ሞተሩ እንዲስበውና እንዲያቃጥለው ያደርጋል። ቫልቩ በቀዝቃዛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ዝግ መሆን አለበት። የኔ ግን ተከፍቶ ቀርቷል። በአዘቦት ቀን ጣሳው ብዙ ትነት ስለሌለው የሚገባው አየር ነው፣ ድብልቁ ይሳሳል። ታንክ በተሞላ ቀን ደግሞ የሚገባው ወፍራም የቤንዚን ትነት ነው፣ ሞተሩ ይታነቃል። ሁለት ተቃራኒ ምልክት ከአንድ ዕቃ። ጭሱም ያልታየን ለዚህ ነው፣ በተከፈተው ቫልቭ አልፎ ወደ ጣሳው እየገባ ነበር እንጂ ወደ ውጭ አልወጣም።

ማረጋገጫው በጣም ቀላል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሳው፣ ከቫልቩ ወደ ጣሳው የሚሄደውን ቱቦ ነቀለና የቫልቩ አፍ ላይ ጣቴን እንዳደርግ ነገረኝ። ጣቴን ሳበው። መሳብ አልነበረበትም። አፉን በጣቴ ደፍኜ ስይዘው የሞተሩ ድምጽ ወዲያው ተስተካከለ፣ ቆጣሪው 700 ላይ ቆመ። ጣቴን ሳነሳ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። እውነቱን ለመናገር እንባዬ ሊመጣ ነበር። የጡጫ ያህል እንኳን የማትሆን ዕቃ ናት፣ ለመቀየር ሃያ ደቂቃ አልፈጀችም።

መካኒኩ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ነዳጅ ስሞላ መቅጃው ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ አስጨምራለሁ ወይ? አዎ፣ ሁልጊዜ። ታንኩ ከልኩ በላይ ሲሞላ ፈሳሹ ቤንዚን ለትነት ብቻ ወደተሠራው ጣሳ ሊገባ ይችላል። ከሰሉ ይበላሻል፣ ስብርባሪውም ቫልቩ ላይ ሄዶ ይሰነቀራል። የኔ በዚህ ይሁን በሌላ ማረጋገጥ አይቻልም፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ቀጭ ሲል በቃ ነው።

ሁሉም ሰው ፐርጅ ቫልቭ ይቀይር እያልኩ አይደለም። በተለይ አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ሌላ የታወቀ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጩት። በድሮው አሠራር ቤንዚኑ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ጀርባ ላይ ስለሚረጭ ሲያልፍ ያጥባቸው ነበር። አሁን ያ እጥበት የለም። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ትነት ቫልቮቹ ላይ እየጋገረ ጥቁር ካርቦን ይሆናል፣ ጠዋት በቀዝቃዛ ሲነሳ ሚስ ያደርጋል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ እዚያ አይደርስም፣ ምክንያቱም ቤንዚኑ ራሱ እዚያ አይደርስም። መፍትሔው የአየር ማስገቢያውን ፈቶ ዋልነት የሚባለውን ፍሬ የደቀቀ ቅርፊት በአየር ግፊት ቫልቮቹ ላይ መርጨት ነው። ቶዮታን የመሰሉ አምራቾች አንዳንድ ሞተሮቻቸው ላይ ሁለቱንም ዓይነት ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ) የሚያደርጉበት አንዱ ጥቅም ይህን ማስቀረቱ ነው።

የኔ ታሪክ በቫልቩ አላለቀም። ቆጣሪው ከረጋ በኋላም ዲ ላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ መሪው ላይ ቀጭን ንዝረት ቀረች። ኤን ሳደርገው ትጠፋለች። ቆጣሪው ሳይነቃነቅ ሰውነቱ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የሞተሩ መሸከሚያ ጎማዎች ነው። የአዳዲስ መኪኖች መሸከሚያ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፈሳሽ አለው። የኔ የቀኙ ተሰንጥቆ ፈሳሹ ወርዶ ጎኑ ላይ ደርቋል። ስምንት ወር የሚንቀጠቀጥ ሞተር ተሸክሞ ስለከረመ ይሁን አይሁን ባላውቅም አዘንኩለት። እሱም ተቀየረ።

አሁን የቀረኝ ጠዋት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ሞተሩ 1,200 ዙር አካባቢ ሆኖ ሸካራ ድምጽ ያሰማል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቶሎ ለማሞቅ ሆን ብሎ የሚያደርገው ስለሆነ ያን ያህል አልጨነቅበትም። ቢሆንም 60,000 ላይ ካሜራ አስገብተው የቫልቮቹን ጀርባ እንዲያዩልኝ ተነጋግረናል። ደብተሩ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው።