ማንም የማይፈልጋቸው የኦርጋን ሸክላዎች

ጀርመን አገር እንደመጣሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የሰው ቤት ማራገፍ ነበር። አንድ አረጋዊ ሲሞቱ ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ ልጆቻቸው በሌላ ከተማ ስለሚኖሩ ዕቃውን የሚያነሣ አይኖርም፤ ቤቱ ደግሞ ባዶ ሆኖ ለአከራዩ መመለስ አለበት። ያን ጊዜ እኛ በጭነት መኪና እንደርሳለን። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ መጋረጃው፣ የሠርግ ፎቶግራፉ ሳይቀር በአንድ ቀን ይወጣል። ማታ ስመለስ ከተሸከምኩት ይልቅ ያየሁት ይከብደኝ ነበር።

ኦርጋኑን ያገኘነው በአንድ የኅዳር ማለዳ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የሳሎኑን አንድ ጥግ ሞልቶ ቆሟል። ሁለት ረድፍ ቁልፎች፣ ከሥር የእግር መርገጫዎች፣ የተወለወለ ቡናማ የእንጨት ሣጥን። ይህን የሚያህል የሙዚቃ መሣሪያ በሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበርና ሙዚየም እንደሚወስደው አልተጠራጠርኩም። አለቃዬ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ የቤት ኦርጋን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የብዙ ቤተሰብ ኩራት እንደነበረ፣ ዛሬ ግን በነፃ ውሰዱ ቢባል እንኳ ወሳጅ እንደማይገኝ ነገረኝ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ዕቃ አራት ሆነን አንድ አንድ ደረጃ እያልን አወረድነው። የቆሻሻ መጫኛው ውስጥ ሲያርፍ በሆዱ ያሉት ጥምዝምዝ ሽቦዎች ተንጫጩ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከጎኑ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ ነበር። እነሱም ተከትለው ሊወረወሩ ሲሉ «እኔ ልውሰዳቸው?» አልኩ። አለቃዬ ትከሻውን ሰበቀ። የሸክላ ማጫወቻ አልነበረኝም፤ ያንን ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቤት ስናራግፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ተቀምጠው ማታ ማታ ሽፋኖቻቸውን አያለሁ፤ በጀርባቸው የታተመውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እፈታለሁ። ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የበለጠ ጀርመንኛ ያስተማሩኝ እነዚያ የሸክላ ጀርባዎች ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

ከግማሽ በላዩ የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ ክላውስ ቩንደርሊኽ። በ1931 ኬምኒትስ ተወልዶ በ1997 በደቡባዊቷ ኤንገን ያረፈ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሸክላ እንደተሸጠለት የሚነገርለት የኦርጋን ተጫዋች ነው። የቤተሰብ ስሙ ቃል በቃል «እንግዳ ጠባይ ያለው» እንደ ማለት ነው። ኦፔሬታውን፣ የዳንስ ዜማውን፣ የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈን ሁሉ በኦርጋን ይጫወታል፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከኋላው ከበሮ ይከተለዋል። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃ አዋቂ የሚባሉ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ግን በእነዚያ አጫጭር፣ ጥርት ባሉ ምቶቹ ውስጥ ትልቅ ሥርዓት እሰማለሁ። በዋልያስ ባንድ በኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላደገ ጆሮ መሣሪያው ባዳ አልነበረም፤ ቋንቋው ቢለይም ድምፁ የዘመድ ድምፅ ነበር።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ ፍቅሬ ጨመረ። ቩንደርሊኽ የሚጫወትበትን የሃሞንድ ኦርጋን ለገበያ ያቀረበው ሎረንስ ሃሞንድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ዓመቱ 1935። ሰውየው ከዚያ በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። ኦርጋኑም በሆዱ የሰዓት ዘመድ ነው፦ በአንድ ሞተር የሚዞሩ 91 ጥርሳም የብረት መንኮራኩሮች ከማግኔት ፊት ለፊት ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዱ መንኮራኩር በጥርሱ ብዛትና በፍጥነቱ መጠን የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ተጫዋቹ ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን ዘንጎች ወደ ራሱ እየሳበ እነዚህን ድምፆች ያቀላቅላል፤ አንዱን ብዙ፣ አንዱን ጥቂት፣ ወጥ እንደሚያጣፍጥ ሰው። ቁልፉ ሲነካ የምትሰማውን «ጠቅ» የምትል ድምፅ መሐንዲሶቹ እንደ ጉድለት ቆጥረዋት ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ወደዷት። ከመንኮራኩር ወደ ትራንዚስተር የተሸጋገሩ ኋለኞቹ ኦርጋኖች ሳይቀሩ እሷን ለመምሰል ደክመዋል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ፍራንክፈርት ውስጥ በማይን ወንዝ ዳር ወደሚዘረጋው ያገለገለ ዕቃ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። ጀርመኖች «የቁንጫ ገበያ» ይሉታል። የሮክና የጃዝ ሸክላዎች ጠረጴዛ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍነው ይቀመጣሉ፤ ኦርጋን ግን መሬት ላይ ካለ ካርቶን ውስጥ ነው፤ አንዱ 1 ዩሮ፣ አንዳንዴ ስድስቱ 3 ዩሮ። ርካሽ የሆኑበትን ምክንያት ከሥራዬ አውቀዋለሁ። በገፍ የታተሙ ናቸው፤ የገዟቸው ሰዎች በአንድ ዘመን አርጅተው በአንድ ዘመን እያለፉ ነው፤ ወራሾቹ ደግሞ የወላጅ ሳሎን ሙዚቃ አይፈልጉም።

ርካሽ ነው ተብሎ ግን ሁሉም አይወሰድም። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ ወደ ፀሐይ አዘነብለዋለሁ። ላይ ላዩን ያለ ጭረት ብዙ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ጥቁርነቱ ጠፍቶ ግራጫ የመሰለ መስመር ነው። ያ በድሮ ከባድ መርፌ የታረሰ ሸክላ ነውና ምንም ቢታጠብ ቀጭኖቹ ድምፆች ተመልሰው አይመጡም። የተረፈውን ቤት ወስጄ፣ መካከሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳላረጥብ፣ ለልብስ መተኮሻ በሚሸጠው የተጣራ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ የመስመሩን ዙር ተከትዬ በለስላሳ ጨርቅ አጥባለሁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ኖራውን መስመሩ ውስጥ ስለሚተው አልጠቀምበትም።

አንድ የአገሬ ልጅ ቤቴ መጥቶ መደርደሪያውን አየና «የእኛን ሸክላዎች ብትሰበስብ አይሻልም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተሟቸው ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉባቸው ሆነዋል፤ የሚንከባከባቸው አላጡም። እነዚህን ግን እኔ ካላነሣኋቸው ወዴት እንደሚሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለዚሁ ሰው ፍራንትስ ላምበርትን አጫወትኩለት። በ1948 ከፍራንክፈርት በስተደቡብ በምትገኘው ሄፐንሃይም የተወለደ ሌላው የኦርጋን ሰው ነው። «ይህን ሰው ታውቀዋለህ» አልኩት። አላውቀውም አለ። ከ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ቡድኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ የሚሰማውን የፊፋ መዝሙር የደረሰው እሱ መሆኑን ስነግረው ብድግ ብሎ የሸክላውን ሽፋን በሁለት እጁ ያዘ። በልጅነታችን በሰው ቤት መስኮት ተንጠልጥለን ጨዋታ ስናይ የሰማነው ዜማ ከአንድ ኦርጋን ተጫዋች የወጣ መሆኑን ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ስናወራ አመሸን።

ከሁሉ የምወደው ግን ሽፋኑ ላይ ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን ነው። «ለእናታችን፣ ገና 1968»። «ከሥራ ባልደረቦችህ፣ ለጡረታህ»። አንዱ ላይ ከእያንዳንዱ ዜማ ጎን ትንሽ መስቀል ተደርጓል፤ ከሦስተኛው ዜማ ጎን ሦስት መስቀል አለ። ይህን ምልክት ያደረገውን ሰው አላውቀውም። ሸክላውን ባጫወትኩ ቁጥር ግን መርፌው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ እሰማለሁ፤ እውነትም ከሌሎቹ ይበልጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ያመጣኋቸው አራቱ አሁን ወጥ ቤት ውስጥ በሳህን ማድረቂያው ላይ ቆመው ውሃቸውን እያንጠፈጠፉ ነው። የአንዱ ሽፋን ጀርባ በሰማያዊ ቀለም አምስት መስመር ተጽፎበታል። የድሮ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ነውና እስካሁን የለየሁት «እህቴ» የሚለውን ቃልና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው። ማታ አጉሊ መነጽር ይዤ እቀመጥበታለሁ።